በስልክ ስብሰባ «የለም» ስለሚሉ ሰዎች

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ሰኞ ይሁን ማክሰኞ እርግጠኛ አይደለሁም። ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር የሚገኘውን የቢሯችንን ደረጃ ስወጣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ይህም ቢሆን ከዚያ በኋላ በየቀኑ የደረሰብኝ ነገር ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ቀን ማስረጃ አድርጌ ላቀርበው አልችልም።

ጊዜው የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ የዞረበት ሰሞን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በምጣኔ ሀብት ተመርቄ አዲስ አበባ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ፣ አንድ የግል የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ለጅቡቲ ቅርንጫፉ «የመረጃ ባለሙያ» አድርጎ ቀጠረኝ። የመረጃ ባለሙያ ምን እንደሚሠራ የነገረኝ አልነበረም። እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ።

በሩን የከፈተልኝ አብዱልናስር ነው። የቅርንጫፉ የወደብ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። ቤተሰቡ ከድሬዳዋ መጥቶ ጅቡቲ ሲነግድ የኖረ፣ እሱም እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ መከራከር የሚችል ሰው ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ «አንቱ» ስለው ግን ተቆጥቶ ከለከለኝ።

«አንተ ነህ ዩኒቨርሲቲው?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት።

«አቦ በሰዓቱ ነው የመጣኸው! ና፣ ስልኩን ያዝ። ስብሰባ ሊጀመር ነው።»

የመረጃ ባለሙያ ሥራ ምን እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ገባኝ። ስልክ መያዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጅቡቲን እስክለቅ ድረስ ይዤው ኖርኩ።

በዚያ ዘመን የስልክ ስብሰባ የሚካሄደው በኦፕሬተር አማካይነት ነበር። የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር መጀመሪያ ድሬዳዋን፣ ቀጥላ እኛን፣ በመጨረሻም ዱባይ ያለውን ወኪላችንን ታገናኛለች። ዱባይ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋ ይወጣል። ድሬዳዋን መልሳ እስክታስገባ ሁላችንም እንጠብቃለን። የእኛ ድርሻ ድምፅ ማጉያ ያለውን ስልክ በጠረጴዛው መካከል ማስቀመጥ ነው። ጠረጴዛው ብረት ስለነበር ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ ፎጣ አጥፈን እናነጥፋለን። ፎጣው የአብዱልናስር ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ፊቱን ይጠርግበታል።

ቀጥሎ የአየር ማቀዝቀዣው ይጠፋል። መስኮቱ ላይ የተገጠመው ማቀዝቀዣ ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ስለሚያጓራ፣ ከመስማትና ከመቀዝቀዝ አንዱን መምረጥ ነበረብን። የሚኒባሶቹን ጡሩምባ ለመከላከል መስኮቱም ይዘጋል። በሐምሌ ወር በዚያ ክፍል ውስጥ የተደረሰበት ውሳኔ ሁሉ ፈጣን ነበር። ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ «ይቅርታ፣ በረደን፣ መስኮቱን ልዝጋ» ሲል ሰማን። አብዱልናስር ስልኩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

በስልክ ስብሰባ ላይ ሰው ስሙን ያጣል። «ድሬዳዋ አለህ?»፣ «ጅቡቲ ትሰማለህ?» እየተባለ ስለሚጠራ፣ ከጊዜ በኋላ ሁላችንም ከተማ ሆንን። ድሬዳዋ የሚባሉት የዚያ ቅርንጫፍ ኃላፊ ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሳል የማይለያቸው ሰው። «ድሬዳዋ ዛሬም ያስላል» ይባላል። «ዱባይ ሠርግ አለበት፣ ቶሎ ይለቀቅ» ይባላል። እኔና አብዱልናስር ሁለታችንም ጅቡቲ ስለነበርን፣ አንዳችን የተናገርነው በሁለታችን ላይ ይመዘገብ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተፈራ ነበሩ። ስብሰባውን ሲከፍቱ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በተራ ሰላም ይላሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አየሩ ይጠይቃሉ። ተጠያቂውም መልሶ ይጠይቃቸዋል። ከዚያ ድሬዳዋ ጅቡቲን ይጠይቃል፤ ጅቡቲ ዱባይን ይጠይቃል። በመካከሉ መስመር ተቋርጦ የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ እንደ አዲስ ሰላም መባል አለበት፤ አለዚያ ቅሬታ ይኖራል። እኔ ይህን ሁሉ የጊዜ ብክነት ብዬ ተመለከትኩት። ሐሳቤን በጽሑፍ አቅርቤ እንደነበርም ትዝ ይለኛል። ምናልባት ለማቅረብ አስቤ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት በመጀመሪያው ዓመት ነው። አቶ ተፈራ እንደ ልማዳቸው «ጅቡቲ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ሙቀቱ እንዴት ነው?» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ ጌታዬ፣ ሙቀቱንስ ለምደነዋል» አለ አብዱልናስር። «ያልለመዱት ሹፌሮቹ ናቸው።»

«ሹፌሮቹ ምን ሆኑ?»

«ደህና ናቸው። ብቻ በሩ ላይ ሲያድሩ ሰነበቱ። አንዳንዶቹ ባዶ መኪና ይዘው ሊመለሱ ነው ይባላል። ልጆችዎ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስንት መኪና ነው?»

የልጆቹ ጤናና የመኪኖቹ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ተጠየቁ፤ በአንድ ትንፋሽም ተመለሱ። ሰላምታው ሲያበቃ አቶ ተፈራ ለሹፌሮቹ ምን እንደሚደረግ ወስነው ነበር። ከዚያም ወደ አጀንዳው ገብተው «ጅቡቲ፣ ችግር አለ?» ሲሉ፣ አብዱልናስር ረጋ ብሎ «የለም ጌታዬ» አለ።

ስብሰባው እንዳለቀ «ቅድም የነገርካቸው ምንድን ነው ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰላም አልኳቸው» አለኝ።

ቀስ በቀስ ገባኝ። በአጀንዳ ላይ የተነገረ ችግር ክስ ነው። ተናጋሪው ሌላውን የከሰሰ ይመስላል፣ አለቃውም በሰው ፊት መልስ ይጠየቃል። በሰላምታ ውስጥ የተነገረ ችግር ግን ጨዋታ ነው፤ ማንንም አያስከፋም፣ መልስም አያስገድድም። ስለዚህ መልስ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲ ስለ ድርጅት አመራር ባስተማሩን መጻሕፍት ውስጥ ይህን ፈልጌ አላገኘሁትም። በደንብ አላነበብኳቸው ይሆናል።

ሌሎቹ ችግሮች መፍትሔ አልነበራቸውም። ዱባይ ሌላ ስልክ ሲመጣበት እኛን ማቆያ ላይ ያደርገናል። ማቆያው ሙዚቃ አለው፤ ሙዚቃውም ለሁላችንም ይሰማል። ዱባይ እስኪመለስ ማንም መናገር አይችልም። ሦስት ከተማ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ያንኑ ዜማ ያዳምጣል። አንድ ቀን ጋሽ መኮንን በሳላቸው መካከል «ይቺ ዜማ እየተሻላት መጣች» አሉ።

አዲስ አበባ በስብሰባ መካከል ሻይ የሚያማስል ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ሲጋጭ እኛ ጋ እንደ ደወል ይሰማል። አቶ ተፈራ ሁሉም ሠራተኛ ሻዩን አስቀድሞ አማስሎ እንዲገባ አሳሰቡ። ማንኪያው ጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ጅቡቲ በማለዳ ሥራ ገብታ ሰባት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። አዲስ አበባ ከምሳ ስትመለስ ጅቡቲ ተኝታለች። ዓርብ እኛ እናርፋለን፤ እሑድ እነሱ ያርፋሉ። ለስብሰባ የሚቀረው ረፋዱ ብቻ ነው። ወደብ ላይ ሰው የሚገኘውም ረፋድ ላይ ብቻ ነው። ስብሰባው ከተንዛዛ ደግሞ የጫቱ አውሮፕላን አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋል፤ መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ወደ ከተማ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚፈርም እጅ አይገኝም። «አዲስ አበባ፣ ጫቱ ገብቷል» ካልን ስብሰባው ያበቃል። በሌላ አገር ይህ ዓረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤ የሚሰፍር አይመስለኝም።

በመካከሉ አዲስ ስልክ መጣልን። ድምፃችንን የሚያፍን ቁልፍ ነበረው፤ ሲጫኑት ቀይ መብራት ይበራል። አብዱልናስር ቁልፉን ወደደው። ተጭኖት ከእኔ ጋር ይከራከራል፣ ከዚያ መክፈቱን ይረሳል። አንድ ረፋድ የወደቡን ሁኔታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ዝርዝሩን ሳናጓድል አቀረብን። ስንጨርስ አዲስ አበባ «ጅቡቲ ዛሬ ምንም የለውም መሰለኝ፣ እንለፍ» ሲሉ ሰማን። ቀዩ መብራት በርቶ ነበር። ማን ነበር የተጫነው በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

አቶ ተፈራ ጡረታ ወጡ። በምትካቸው አቶ ዮናስ መጡ። በዕድሜ እኔን የሚያህሉ፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ሥራቸውን አክባሪ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው እንዳልነበሩ አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሌላ ሊያስመስላቸው ይችላልና።

ኦፕሬተሯ ቀረች። አሁን ሁሉም ቁጥር እየደወለ፣ የምሥጢር ቁጥር እያስገባ በራሱ ይገባል፤ አንዲት የማሽን ሴት በእንግሊዝኛ መግባቱን ታበሥራለች። አብዱልናስር በመጀመሪያው ቀን ማሽኗን «እንዴት አደርሽ?» ብሎ ጥቂት ጠበቀ። ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር አልጠየቅኩትም።

አቶ ዮናስ ሁለት ስብሰባ በትዕግሥት አዳመጡ። በሦስተኛው መመሪያ ሰጡ። «ሰላምታ አጀንዳ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በቀጥታ ወደ ሥራ እንገባለን። ሰላም መባባል የሚፈልግ ከስብሰባው በኋላ መደዋወል ይችላል።»

ጋሽ መኮንን ሳል ጀምረው የተዉት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ወዲያው ተጀምሮ ወዲያው ያልቅ ነበር። «ድሬዳዋ፣ ችግር አለ?» «የለም።» «ዱባይ?» «የለም።» «ጅቡቲ?» «የለም ጌታዬ።» ማቀዝቀዣውን አጥፍተን ላብ ሳያጠምቀን መልሰን እናበራዋለን። እኔ ተደሰትኩ። በወጣትነቴ የተመኘሁት ስብሰባ ይህ ነበር።

አብዱልናስር ግን አልተመቸውም። ከስብሰባው በኋላ ስልኩን እያየ ይቀመጣል። «ምነው?» ስለው «ገብቼ ሳልቀመጥ የወጣሁ ይመስለኛል» አለኝ አንድ ቀን።

በእነዚያ ወራት አንድ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር መጣልን። የጫነው የከብት ክትባት ነው። እንዲህ ያለው ኮንቴይነር ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት አለበት፤ ከተነቀለ ይሞቃል፤ በጅቡቲ ደግሞ በፍጥነት ይሞቃል። ተሰክቶ የሚጠብቀው በተከራየነው የግል ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ጀኔሬተር መድከም መጀመሩን አብዱልናስር ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። ኮንቴይነሩን ወደ ሌላ ግቢ ለማዛወር የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በዚያ ሳምንት ስብሰባ ላይ የክትባቱ አስመጪም መስመሩ ላይ ነበር። ተራችን ደረሰ።

«ጅቡቲ፣ ችግር አለ?»

አብዱልናስር አፉን ከፈተ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። እንደገና ቀና አለ።

«የለም ጌታዬ።»

«ጥሩ። ቀጣይ።»

ጀኔሬተሩ በዚያው ሳምንት ቆመ። ክትባቱ ተበላሸ። አስመጪው ከእኛ ጋር መሥራት አቆመ። ከብቶቹ ምን እንደሆኑ የነገረን የለም።

«ለእኔ እንኳ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንተ ጀኔሬተር ትጠግናለህ?»

«ከስብሰባው በኋላስ ለምን አልደወልክላቸውም?»

«በስብሰባ የለም ያልኩትን፣ ከስብሰባ በኋላ አለ ልበል? ውሸታም ልባል?»

«አሁንስ ምን እየተባልክ ነው?»

ፎጣውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሰኞ ዕለት አቶ ዮናስ ለእኔ ብቻ ደወሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ጠየቅኩት፤ የለም አለኝ። አንተም አጠገቡ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ዋሽቶኛል።»

«ውሸት አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

ምን እንደሚባል አሁንም የማውቅ አይመስለኝም።

«ላሰናብተው ነው» አሉ። «ሰውን በስልክ ማሰናበት ግን አይገባም። ሐሙስ መጥቼ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትነግረው።»

አብዱልናስር ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር እናቱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የሟች ወንድሙንም ልጆች በአንድ ግቢ ይዞ የሚኖር ሰው ነው። ከዚህ ድርጅት በቀር የትም ሠርቶ አያውቅም። በእሱ ዕድሜ ያለን የወደብ ጉዳይ አስፈጻሚ የሚቀጥር የለም፤ ሁሉም እግረ ቀላል ወጣት ነው የሚፈልገው። ይህን እያሰብኩ ሁለት ቀን አብሬው ዋልኩ። ምሳ ሲጋብዘኝ እምቢ አልኩ። ምክንያት አድርጌ ያቀረብኩት ሆዴን ይመስለኛል።

ረቡዕ ጠዋት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሐሙስ የሚመጡት እኔን ለማባረር ነው አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ትናንት ጋሽ መኮንን ደወሉልኝ። ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቁኝ። ስንደዋወል በኖርንበት ዘመን ሁሉ 'ልጆቹ ደህና?' ነው የሚሉት። በስም ከተጠየቁ ነገር አለ።»

ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩትን ወረቀቶች ደረደርኩ።

«አንተ ደግሞ ምሳ እምቢ አልክ» አለ። «አቦ ተወው። በስንት ሰዓት ነው የሚያርፉት? ማን ነው የሚቀበላቸው?»

እንግዳ መቀበል የእሱ ሥራ ነበር። «ዛሬስ እኔ ልሂድ» አልኩት።

«አንተ በየት በኩል እንደሚወጡ አታውቅም። በፀሐይ ታቆማቸዋለህ።»

ሐሙስ ሁለታችንም ሄድን። አቶ ዮናስ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጡ። ኮታቸውን አውልቀው የት እንደሚያደርጉት ሲቸገሩ አብዱልናስር ተቀበላቸው። መኪናው ውስጥ ስለ መንገዳቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ እናታቸው ጠየቃቸው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው «ሰላምታ አጀንዳ አይደለም» ማለት አይችልም። እናታቸውን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው በዚያ አወቅን።

መጀመሪያ ግቢውን ማየት ፈለጉ። የግቢው ኃላፊ የጅቡቲ ተወላጅ፣ ግዙፍና ትሑት ሰው ነው። አቶ ዮናስ በአማርኛ እየተናገሩ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ እየተረጎምኩ፣ በቆመው ምትክ የተተከለው አዲሱ ጀኔሬተር ችግር አለበት ወይ ብለው ጠየቁ። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምንም ችግር እንደሌለበት መለሰ። አቶ ዮናስ አመሰገኑ። ወደ መኪናው ስንመለስ አብዱልናስር ወደ ኋላ ቀረ።

ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በኮንቴይነሮቹ ጥላ ሥር በሶማሊኛ ሲጨዋወቱ እናያለን። ይስቃሉ። አንዱ የሌላውን ትከሻ ይመታል። አቶ ዮናስ ሰዓታቸውን ደጋግመው ተመለከቱ።

«ምን እያወሩ ነው?» አሉኝ።

«ሰላም እየተባባሉ ነው» አልኳቸው።

አብዱልናስር ተመልሶ ገባ። «ጀኔሬተሩ ደህና ነው» አለ። «ነዳጅ የሚሞላው ሰው ግን ሰባት ሰዓት ላይ ቤቱ ይሄዳል። እስኪመለስ አንዳንዴ ያልቃል።»

አቶ ዮናስ ዞር ብለው አዩት። «አሁን ጠየቅኩት እኮ! ምነው ለእኔ አልነገረኝም?»

«እርስዎ ችግር አለ ወይ ነው ያሉት» አለ አብዱልናስር።

ምሳ የበላነው ከጅቡቲው የምኒልክ አደባባይ ብዙም በማይርቅ የየመኖች ቤት ነው። ለሁለት ተሰንጥቆ በእሳት የተጠበሰ ዓሣና ሰፊ ቂጣ ቀረበልን። አብዱልናስር ይህን ገጽ አንብቦ፣ የበላነው ፍየል ነው ይላል። እሱ የበላውን ስለማይረሳ ሊሆን ይችላል። የተባለውን ግን ሁለታችንም በአንድ ዓይነት እናስታውሰዋለን።

«አቶ አብዱልናስር» አሉ አቶ ዮናስ። ጅቡቲ ሳይሉት በስሙ ሲጠሩት፣ አንቱም ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። «ለምንድን ነው የለም ያሉኝ?»

«ጌታዬ፣ ድሬዳዋ እየሰማ፣ ዱባይ እየሰማ፣ ባለ ዕቃው እየሰማ 'አለ' ብዬ ላዋርድዎ?»

«ክትባቱ ሲበላሽስ አልተዋረድኩም?»

አብዱልናስር እጁን ከሳሕኑ ላይ አነሳ።

«እሱን አላሰብኩትም» አለ። «ለእርስዎ ክብር ብዬ የሰው ንብረት አጠፋሁ። ጥፋት ነው።»

አስተናጋጁ መጥቶ ውኃ ቀድቶ ሄደ።

«ከእንግዲህ ችግር ካለ፣ አለ ይበሉኝ» አሉ አቶ ዮናስ። «በሰው ፊት ያዋርዱኝ። ፈቅጃለሁ።»

አብዱልናስር አሰበበት። በእውነት እንዳሰበበት መመስከር እችላለሁ።

«አልችልም ጌታዬ።»

«እንጀራዎ ነው እኮ! ዛሬ ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። እሞክራለሁ ብዬ ልዋሽዎ እችላለሁ። በሰው ፊት 'አለ' ማለት ግን ከአፌ አይወጣም።»

አቶ ዮናስ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ዓሣዬን፣ ወይም ፍየሌን፣ መብላት ቀጠልኩ።

«እና ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰላም ይበሉን።»

«ሰላምታ አጀንዳ ላይ የለም።»

«ይጨመራ!» አለ አብዱልናስር።

አቶ ዮናስ አልሳቁም። ቂጣ ቆርሰው ለረጅም ጊዜ አኘኩ። ከዚያ በኋላ እስከ አውሮፕላኑ ሰዓት ስለ ሥራ የተናገሩት ነገር አልነበረም። አምቡሊ ስንሸኛቸው አሁን ይናገራሉ ብዬ እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ ሁለቱን ብቻቸውን ለመተው ነበር። አቶ ዮናስ ኮታቸውን ተቀበሉ፣ የአብዱልናስርን እጅ ጨበጡ፣ «እናትዎን ሰላም ይበሉልኝ» አሉት፣ ገቡ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ሰማህ እኮ።»

«ተባረርክ ወይስ አልተባረርክም?»

«አላውቅም» አለ። «አንተ ዩኒቨርሲቲ ተምረሃል፤ ምን ይመስልሃል?»

እኔም አላወቅኩም። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁ አለፉ። አብዱልናስር እንደ ወትሮው ወደ ወደብ ሄደ፣ እንደ ወትሮው ተመለሰ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና ይል ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሳምንቱ አጀንዳ በኢሜይል መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ተራ ቁጥር አንድ፦ ሰላምታ፣ ሁሉም ቅርንጫፎች። ተራ ቁጥር ሁለት፦ ችግሮች፣ ሁሉም ቅርንጫፎች።»

«ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

«እና ጅቡቲን ወክሎ የሚናገረው ማን ነው ይላል?»

በዚያ መስመር ላይ የእሱ ስም ነበር። ነገርኩት። ተነሥቶ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፤ ስብሰባው ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር።

አቶ ዮናስ ስብሰባውን ከፈቱ። «ተራ ቁጥር አንድ። ሰላምታ። ጅቡቲ፣ እንዴት አደራችሁ።» ጥያቄ አይመስልም ነበር፤ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው ነበር ያሉት።

«አልሐምዱሊላህ ጌታዬ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ? የእናትዎ ጉልበት እንዴት ነው?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ።

«ትንሽ ተሽሏቸዋል» አሉ አቶ ዮናስ።

«እሰይ። ይማራቸው። እኛም ደህና ነን። ከዱባይ የሚመጣው ሰነድ ብቻ ነው መንገድ ላይ የታመመው።»

«የትኛው ሰነድ?»

የስብሰባው አብዛኛው ጊዜ በተራ ቁጥር አንድ ላይ አለቀ። ድሬዳዋም ሰላም ብሎ ሁለት የተበላሹ መኪኖች እንዳሉት ተናገረ። ዱባይም ሰላም ብሎ ስለ ሰነዱ መዘግየት አስረዳ። ክፍላችን እንደ ምድጃ ሆኖ ነበር። ላቡ ከአገጬ ላይ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ተራ ቁጥር ሁለት» አሉ አቶ ዮናስ። «ችግር አለ? ጅቡቲ?»

«የለም ጌታዬ።»

«ድሬዳዋ?»

«የለም።»

«ዱባይ?»

«የለም።»

«ተመዝግቧል» አሉ።

አጀንዳው እኔ ድርጅቱን እስከ ለቀቅኩበት ጊዜ ድረስ በዚሁ መልክ ቀጠለ። አብዱልናስር በጊዜው ጡረታ ወጣ። ማንም አላሰናበተውም። በእሱ ቦታ የመጣው ወጣት ተራ ቁጥር ሁለት ሥር ምንም ተነግሮ ሳያውቅ ለምን እንዳልተሰረዘ ጠይቆኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም።

በስልክ ለሚሰበሰቡ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ሩቅ ያለን ሰው በሌሎች ፊት «ችግር አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት የለም ይላችኋል። እንዴት እንዳደረ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ። ጊዜ ይወስዳል።